በቀኝ በኩል ያለው መስኮት

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የጅማን መንገድ በዘጋበት ሰሞን ነው። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ በቀኝ በኩል መስኮት ካላገኘሁ አልሄድም ብለው ቦሌ ላይ ሰልፉን ሁሉ አቁመው ነበር። «ተፍኪ የሚታየው በዚያ በኩል ነው ብለውኛል» አሏት ቦታ የምትሰጠውን ልጅ።

ከሆስፒታል መውጣታቸው ነው። የመርፌው ፕላስተር ገና እጃቸው ላይ አለ፣ ኮታቸውም ሰፍቷቸዋል። ቤታቸው ተፍኪ ቢሆንም፣ መንገዱ እስኪከፈት ጅማ ልጃቸው ዘንድ ሊያገግሙ ነው የሚሄዱት።

ልንነሳ ስንል ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጺማቸውን በጣታቸው አበጠሩ፣ ከከረጢታቸው ቀይ ሻርፕ አውጥተው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ።

«አገርዎን ሊያዩ ነው?» አልኳቸው።

«እኔማ አውቀዋለሁ። እሷ እንድታየኝ ነው እንጂ።»

ባለቤታቸው በስልክ ድኛለሁ ቢሏት አላመነችም። መጥታ እንዳታይ ደግሞ መንገዱ ዝግ ነው። ስለዚህ ደጅ ወጥታ ሽቅብ እያየች እንድትጠብቅ ነግረዋታል፤ ምልክታቸው ቀይ ሻርፕ ነው።

አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው ከመሬት እንደማይታይ ልነግራቸው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። ሰበታን አልፈን የተፍኪ ሜዳ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ትንፋሻቸውን ውጠው ፈገግ አሉ።

ጅማ እንዳረፍን ስልካቸውን ከፍተው ለባለቤታቸው ደወሉ። «ና አርግቴ?» አሏት፤ አየሽኝ ወይ ማለታቸው ነው። ረጅም ጊዜ ሰሙ። ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ።

«አይታኛለች። ከስተሃል አለችኝ።»