የተከለከለው ባሕር

ዲሊ የምትባለውን ከተማ ግብዣው እስኪመጣ ድረስ በስሟም አላውቃትም ነበር። በእስያ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በተራራና በባሕር መካከል ተጣብቃ የተቀመጠች የአንዲት ትንሽ አገር ዋና ከተማ ናት። እኔ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። እኛ የጓሳን ሣር እንደምንጠብቅ፣ የዚያ አገር ሰዎችም ደናቸውንና ባሕራቸውን በአባቶች ሕግ ስለሚጠብቁ፣ ከመንዝ አንድ ሽማግሌ መጥተው ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ጠየቁ። የተመረጡት ሽማግሌ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚ ሆኜ እኔ ተላክሁ።

ሽማግሌው ለእኔ እንግዳ አልነበሩም። ልጅ ሳለሁ፣ ሣሩ በተዘጋበት ዓመት አባቴ ለቤት ክዳን ጥቂት ሸክም ጓሳ ሲያጭድ ይዘው ሽማግሎች ፊት ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሣሩ ተወሰደ። ቤታችን ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስስ፣ እናቴ ድስቱንና ባልዲውን ከጥግ ጥግ ስታዘዋውር ከረመች። ይህን ነገር አንስቼባቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አንስተውት አያውቁም።

የተነሣን ዕለት፣ ዘመሮ ከተማ የምታስተምረው ሴት ልጃቸው መናኸሪያው ድረስ መጥታ የደም ግፊት ክኒናቸውን በእጄ አስጨበጠችኝ። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። አባቷ ከደብረ ብርሃን አልፈው እንደማያውቁ ነገረችኝና፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል፦

“እንዳስረከብኩሽ አስረክቢኝ” አለችኝ።

ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ቀይረን ደረስን። ሙቀቱ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ጀምሮ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብን። እሳቸው ግን የመንዝ ኮታቸውን አላወለቁም። ስብሰባው ቅዳሜ ስለነበር አስተናጋጆቻችን ዓርብ ከተማዋን እንድናይ ብለው መኪናና ሹፌር ሰጡን። ሹፌሩ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፤ እንግሊዝኛ ጥቂት ይናገራል።

ነገሩ ከጧት ጀምሮ ተበላሸ። ሽማግሌው ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ አሉ። ክኒናቸውንም አልዋጥ አሉ። ለመንኳቸው፤ መንገደኛና በሽተኛ ይፈቀድለታል አልኳቸው። ይህን የምወስነው እኔ እንዳልሆንኩ በትሕትና ነገሩኝና ኮታቸውን ቆለፉ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው፤ ሌላው ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ሸማኔ ሴቶች ጨርቅ የሚሸጡበት ገበያ ሄድን። ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው ጨርቅ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሏል። ሽማግሌው ጫፉን በጣታቸው አሽተው፣ ድሩ ጥሩ መሆኑን፣ ለእኛ ብርድ ግን እንደማይበቃ ነገሩኝ። ቀጥሎ የነጻነት ትግላቸውን የሚያሳይ ቤተ መዘክር ገባን። ጨለም ያለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ ጫካ የገቡ ወጣቶች ፎቶግራፍ ተደርድሯል። በየፎቶው ፊት እየቆሙ ይህኛው ተርፏል ወይ፣ ያኛውስ እያሉ ያስጠይቁኝ ጀመር። ሹፌሩ ለአብዛኞቹ አልተረፈም በማለት ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ፎቶ ጋ ሲደርስ የእናቱ ወንድም መሆኑን ተናገረ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጁን ያዙት። ከንፈራቸው ደርቆ መሰንጠቁን ያን ጊዜ አየሁ። ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ገና አምስት ሰዓት ነበር።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባሕር ውስጥ የገባ ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ እጆቹን የዘረጋ ግዙፍ የክርስቶስ ሐውልት ቆሟል። ዲሊ የመጣ ሁሉ የሚወጣው እዚያ ነው፤ ደረጃው ረጅም ነው። ሽማግሌው ከታች ሆነው አማተቡና ጉልበቴ አይችልም አሉ። የጓሳን ዳገት በእግራቸው የሚወጡ ሰው ናቸው። የከበዳቸው ዳገቱ ሳይሆን የተቀረፀው ምስል መሆኑ ገባኝ፤ ግን አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሰዓት እንኳ ከእሳቸው መለየት ፈልጌ ነበር። የዛፍ ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሹፌሩን እንዲጠብቃቸው ነገርኩትና ወጣሁ።

ላዩ ላይ ነፋስ ነበር። ባሕረ ሰላጤው፣ በዳርቻው የተደረደሩት ቤቶች፣ ከኋላ ያሉት ደረቅ ተራሮች ሁሉ ይታያሉ። ፎቶ አነሣሁ። ሌሎች ጎብኚዎችም እኔን አነሱኝ። ከሚገባው በላይ ቆየሁ። ወደ ታች ስመለከት አግዳሚው ባዶ ነው።

ስንቱን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ሹፌሩ ሁለት ኮኮናት ታቅፎ ከሱቁ በኩል ይመጣል፤ እሱም አላያቸውም። ወደ አሸዋው ሮጥን። ከዛፉ ማዶ ጫማቸው ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲያቸው ተጠቅልሎ ውስጡ ገብቷል። ከዘራቸው አሸዋው ላይ ተተክሏል። ያለ ከዘራ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም።

ዓሣ የምትጠብስ ሴት ለሹፌሩ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረችው። ፊቱ ተለወጠ።

“አያት ዛሬ ጧት እዚህ ታይቷል ትላለች” አለኝ።

የእኛን ሽማግሌ ማለቷ መስሎኝ፣ “አሁንስ ወዴት ሄዱ?” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና በጣቱ አሳየኝ። አሸዋው ላይ ቀይ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሰሌዳው ላይ አፉን የከፈተ አዞ ተሥሏል። በዚያ አገር አዞን በስሙ አይጠሩትም፤ አያት ይሉታል።

ልጃቸው በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የነገረችኝ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር። ሹፌሩ ክንዴን ይዞ ወደ ዓለቶቹ ጎተተኝ፤ ባዶ እግር ያለፈበት ዱካ ወደዚያ ይሄዳል። ዓለቱን ስንዞር አንድ ግንድ ቆሞ አየሁ፤ በላዩ የደረቀ ቅጠልና የከብት ቀንድ ተሰቅሏል። ከግንዱ ማዶ ሽማግሌው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ውሃው ውስጥ ቆመዋል። በእፍኛቸው ይቀዱና ፊታቸውን ይታጠባሉ።

ልጣራ ስል ሹፌሩ አፌን ያዘኝ። ቀስ ብሎ፣ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ገባ። ከእሳቸው ራቅ ብሎ ውሃው ላይ አንድ ረጅም ጥቁር መስመር ይታያል። ግንድ ሊሆን ይችላል። ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ማወቅ አልቻልኩም፤ ዓይኔን ከእሱ መንቀል ግን አልቻልኩም። ሹፌሩ ክንዳቸውን ሲይዝ ደንገጥ አሉ፤ ተከትለውት ወጡ። ዞሬ ሳይ መስመሩ የለም። ሹፌሩ ግንድ እንደማይሰምጥ ብቻ ነው የነገረኝ።

ሽማግሌው አሸዋው ላይ ቆመው በእጃቸው የቀረውን ውሃ እያዩ፣ ባሕር ጨው ነው የሚሉት እውነት መሆኑን ነገሩኝ። ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ የተቀመጠው ሁሉ ከአፌ ወጣ።

“ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስትከለክል ኖረህ፣ አንተን የሚከለክልህ ጠፋ!”

አባቴ ለሚሆን ሰው፣ ለዚያውም ለእሳቸው፣ አንተ አልኳቸው። ዓለቱ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አደረቁ፤ ሹፌሩ ከዘራቸውን እስኪያመጣላቸው ድረስም አልተነሡም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክኒኑን ከእጄ ተቀብለው ፊቴን ሳያዩ ዋጡት። እስከ ማግሥቱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

በቅዳሜው ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ይናገሩ አይናገሩ እንኳ አላወቅሁም። ተራቸው ሲደርስ ተነሡና ስለ ጓሳ አስረዱ፤ ሣሩ ለዓመታት እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ሕጉን ያፈረሰ እንዴት እንደሚዳኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ። ከዚያ ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

“አሁን የምለውን ሳትቀንሺ ተርጉሚ” አሉኝ።

ከዚያ ቀጠሉ። “ትናንት ባሕሩ ዳር ቅጠል የተሰቀለበት ግንድ አየሁ። ቋንቋችሁን አላውቅም፤ ክልክል መሆኑን ግን ወዲያው አውቄዋለሁ። አውቄ አለፍኩት። ይህች ልጅ፣ ‘ሰው ስትከለክል ኖረህ አንተን የሚከለክልህ ጠፋ’ አለችኝ። እውነቷን ነው። በአገሬ ክልክል ያለፈ ይቀጣል። እኔንም ቅጡኝ።”

አዳራሹ ሁሉ እኔን ይጠብቃል። ግማሹን ልዘለው እችል ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉንም ተረጎምኩ። እንግሊዝኛው አንተንና እርስዎን ስለማይለይ ግን ጥፋቴ ሙሉውን አልተሰማም፤ እሱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

ግንዱን የተከሉት የባሕሩ ዳር መንደር ሽማግሌ እዚያው ነበሩ። በዕድሜ የእኛ ሽማግሌ እኩያ ናቸው። ከባልንጀሮቻቸው ጋር ለረጅም ጊዜ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። እንግዳ አይቀጣም የሚሉ ነበሩ። የእኛ ሽማግሌ ቆመው ጠበቁ፤ ወንበር ሲያቀርቡላቸው አልተቀመጡም። በመጨረሻ ፍርዱ ተነገረ፦ ነገ እሑድ ብዙ ጎብኚ ስለሚመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ግንዱ ሥር ተቀምጠው ሰው እንዳያልፍ ይጠብቁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ግንዱ ሥር ተቀመጥን። መጥተሽ ተቀመጪ አላሉኝም፤ ሂጂም አላሉኝም። ሰው በመጣ ቁጥር ተነሥተው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ “አይቻልም፣ ልጄ፤ ተመለስ” ይላሉ በአማርኛ። ሁሉም ይመለሳል። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ድፍረት አገኘሁና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አንድ ባልና ሚስት ከመለሱ በኋላ፣ ባሕሩን እያዩ፦

“ያን ክረምት በአባትሽ ቤት በኩል አላልፍም ነበር” አሉኝ። “ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በወንዙ በኩል እዞር ነበር። ዝናቡ እቤት ሲገባ ማየት ፈርቼ ነው። ፍርዱ ግን ፍርድ ነው፤ ዛሬም ብሆን አልለውጠውም።”

ፍርዱ ልክ መሆኑን እኔም በሥራዬ ለገበሬው ስናገር ነው የኖርኩት። የእናቴ ባልዲ ግን አለ። ቀጣዩ ሰው ሲመጣ አብሬያቸው ተነሣሁ።

ተመልሰን መሐል ሜዳ ስንደርስ ልጃቸው መናኸሪያው ላይ ትጠብቀን ነበር። አቅፋ ሳመቻቸው፤ ከዚያ የክኒኑን ማሸጊያ ተቀብላኝ ቆጠረች። አንድ ተርፏል። ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ግን ስለ ጾሙም፣ ስለ አዞውም፣ ስለ ተናገርኩት ቃልም እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። አባቷን ይዛ ሄደች፤ ስልክ ስደውልላትም ለብዙ ጊዜ አላነሳችም።

ከወራት በኋላ ለስብሰባ መሐል ሜዳ ስትመጣ ቢሮዬ ገባች። አባቷ ስለ ጉዞው ለሰው ሁሉ እንደሚያወሩ፣ እሷ ግን አንድም ፎቶ እንዳላየች ነገረችኝ። ስልኬን ከፈትኩላት። የባሕሩ፣ የከተማዋ፣ የሐውልቱ ፎቶ በብዛት አለ፤ የአባቷ የለም። አፍሬ ስልኩን ልዘጋ ስል ሹፌሩ እሑድ ዕለት ያነሣውና የላከልኝ አንድ ፎቶ ወጣ። ሽማግሌው ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ቁምጣ የለበሰ ረጅም ፈረንጅ ፊት መዳፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ፈረንጁ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቷል።

ፎቶውን አጉልታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ ወንበር ስባም አጠገቤ ተቀመጠች።