የጃንጥላው ስለት

እኔን ብሎ ሕክምና አዋቂ። የበሬ ዕድሜ ከጥርሱ ለዪ ብትሉኝ አላጣውም፤ ነርቭ የሚሉት ነገር ግን ምን አግብቶኝ ነው? ሐኪም ቤት ገብቼ የወንዱን ሽንት ቤት ከሴቱ የማልለይ አሮጊት ነኝ እኮ። ግን የልጅ ልጄ ከኔ ሌላ ማን አላት? እናቷ ዓረብ አገር ናት።

ልጅቱ ስምንተኛን ጨረሰች። ከኛ ቀዬ ዘጠነኛ የለም፣ አዲ አርቃይ ሄዶ መማር ነው። ሴቶቹ ልጆች ተሰባስበው አንዲት ክፍል ይከራዩና ባንድ ፍራሽ ይተኛሉ። የኔዋ ደግሞ እስከዚያ ዕድሜዋ ሌሊት ሽንቷ ያመልጣታል። አጎዛዋን ማለዳ ከጓሮ የማሰጣው እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ "ድመቷ ናት" እላለሁ። ድመት እንኳ የለኝም።

"እምዬ፣ እንዲህ ሆኜ ከነሱ ጋር እንዴት እተኛለሁ? ትምህርቱ ይቅርብኝ" አለችኝ አንድ ቀን፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ጎንደር ሐኪም ቤት ይዣት ሄድሁ። አዘዞ ሌላዋ ልጄ ቤት አረፍን። ሐኪሟ ገና ለጋ ናት። መረመረቻትና "እማማ፣ ስንፍና አይደለም። ፊኛዋን የሚያዘውን ነርቭ እናለማምደዋለን" አለች። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ ልትለጥፍባት ሽቦ ያለው ነገር ስታወጣ፣ ልጅቱ ኤሌክትሪክ ነው ብላ እግሯን ሰበሰበች።

"ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ለኔ" አልሁ። ለጠፈችብኝ። ጉንዳን እንደሄደብኝ ነዘረኝ።

"ምን ይላል እምዬ?"

"ባል ፈልጊ ይላል።"

ሳቀች፣ እግሯንም ዘረጋች።

ክረምቱን ከአዘዞ ሐኪም ቤት በሚኒባስ ስንመላለስ ከረምን። ቀስ በቀስ መኝታዋ ደረቀ። ልጅቱ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች፤ ስለሚከራዩት ክፍል ታወራኝ ጀመር፣ በር በኩል ማን እንደሚተኛ ሳይቀር።

እኔ ደግሞ ለማርያም ጃንጥላ ተስዬ ነበር። አገር ቤት እንደገባን፣ የንግሡ ዕለት አስከትያት ሄድሁ። ስለት ተቀባዩ "ስለ ምን ነው፣ እናቴ?" ቢለኝ በጆሮው ነገርሁት። የተደረገልሽን ካልተናገርሽ ስለቱ ጎደሎ ነው ይባላል። እሱ ሆዬ ማጉያውን አነሳና "የልጅ ልጃቸውን ሌሊት ሽንት እያመለጣት ሲቸገሩ፣ እመቤታችን ምራላቸው ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል፤ እልል በሉ" አለ።

ሕዝቡ እልል አለ። እኔም እልልታ ስሰማ መቼ ያስችለኛል፣ አቀለጥሁት። ዘወር ስል ልጅቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባለች። ፊት ለፊታችን አብረዋት ሊከራዩ የነበሩት ሦስቱ ልጆች ቆመዋል።

ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ክፍሉ ጠበበን ብለው ላኩባት፣ ይኸው ነው። እሷም አላለቀሰችም።

ትምህርት ተከፍቷል። እሷ ከኔ ጋር አረም ታርማለች። ሌሊቷ ሸጋ ነው፣ አንድም ቀን አላመለጣትም። ቀን ግን ቀልድ ስጀምር ተነስታ ትሄዳለች።

ትናንት ጎረቤቴ ልጅቱን ስታርም ባጥር በኩል አየቻትና ወደኔ ዞረች።

"ምነው፣ ዳነች ብለሽ አገር አስጨበጨብሽ አይደል? እንግዲህ አንቺው አዲ አርቃይ ሄደሽ አብረሻት ተኚ" አለችኝ።