ጋሽ ነገ አለ

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን «ጋሽ ነገ» ይለዋል። ስፌቱ እንከን አይወጣለትም፤ ቀጠሮ ሲሰጥ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ነገ» ነው የሚለው። ያ ነገ ደርሶ ደንበኛው ሲመጣ እሱ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ባለቤቱ ደግሞ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «የለም፣ ወጣ ብሏል» ትላለች። ትዳራቸው በዚህች ውሸት ላይ ነው ያረጀው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጃፓን ያገባችው ልጃቸው ዘንድሮ የአራት ዓመት ሕፃኗን ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊው ለልጅ ልጁ ሲል ከስልኩ ላይ ጃፓንኛ ሲማር ከርሟል፤ ከ«አለ» እና ከ«የለም» ግን አላለፈም። ለዕቃ «አሪማስ»፣ ከሌለ «አሪማሴን»። ለሰው «ኢማስ»፣ ከሌለ «ኢማሴን»።

«ለሰውና ለዕቃ ለየብቻ?» አለች ባለቤቱ። «አንተንማ ከዕቃው ጋር ነው የሚመድቡህ!»

ሕፃኗ ግን ወይ ፍንክች! ሲጠራት እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትሸጎጣለች። አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰችለትም፤ የሚመለሱት ደግሞ ነገ ነው። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲያድለው የኖረው ነገ እንዲህ መራራ መሆኑን አላወቀም ነበር።

ይህን ሲያብሰለስል፣ የሠርግ ሱሪ ያዘዘው ሙሽራ በመስኮቱ ታየው። ሱሪው ገና ጨርቅ ነው። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ሥር ሹልክ ሲል ከልጅ ልጁ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ለካ ከሱ ስትሸሽ እዚያው ኖሯል የተደበቀችው።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ኢማሴን» ሲል አንሾካሾከላት። የለሁም ማለቱ ነው።

ሕፃኗ ዓይኗን አፍጥጣ አየችው። ከላይ ባለቤቱ «የለም የኔ ልጅ፣ ወጣ ብሏል» ትላለች።

«ኢማስ!» ብላ ጮኸች ሕፃኗ። ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ በጣቷ እያሳየች ደገመችው፤ «ኢማስ! ኢማስ!»

ሙሽራው ጃፓንኛ አያውቅም፤ ጣት ግን ያውቃል። ጎንበስ ቢል ጢሙ ላይ ክር የተጠመጠመበት ሽማግሌ በአራት እግሩ ሲወጣ አየ።

«ጋሼ! ሱሪዬስ?»

«አሪማሴን!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሳቁና እንባው ተደባልቆበት። «ሱሪህ የለም፣ ልጄ። እኔ ግን አለሁ! አልሰማሃትም?»