ባዶውን የሚመለስ መኪና

ንፋስ መውጫ ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትሁት ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ኮምፒውተሩን ደብረ ታቦር ላይ ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ አሮጌውን ገዛሁት። ሰውየው ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ዕቃውን የሚሸጥ ነበር። የራሱን ጽሑፍ ሁሉ አጥፍቶ ሲያስረክበኝ አንድ ጨዋታ ሳያጠፋ ቀረ። ረስቶት ይሁን ሆን ብሎ አላውቅም።

ጨዋታው የፋብሪካና የማጓጓዣ ነበር። ሲጀመር አንድ ሰፊ አገር፣ ጥቂት ከተሞችና ትንሽ መነሻ ይሰጣል። ስንዴ ይዘራል፤ ስንዴው በመኪና ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ ዱቄቱ ወደ ዳቦ ቤት፣ ዳቦው ወደ ከተማ። በሌላ በኩል ከሰልና ብረት ይቆፈራል፤ ብረቱ ቀልጦ ማረሻ ይሆናል። የተጫዋቹ ሥራ አንዱን ከሌላው ማገናኘት ብቻ ነው። ያ ማገናኘት ግን አልሆንልኝ አለ። ወፍጮው ደጃፍ ዱቄት ተቆልሎ ከተማው ዳቦ ያጣል። ለዳቦው ስሯሯጥ ከሰሉ ያልቃል። ድርጅቴ ሁልጊዜ ይከስራል፤ እኔም እንደገና እጀምራለሁ። ያኔ ደንበኛ ብዙ ስላልነበረኝ ጊዜ ነበረኝ።

አንድ መሪጌታ በጥቅምት ወደ ቤቴ መጡ። ስድሳን ያለፉ፣ ጋይንት ባለው የቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ ያስመሰከሩ፣ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይዘው ገቡ። በደብሪቱ ያስተማሩትን መምህራን ከጥንት ጀምረው፣ ማን ከማን እንደ ተማረ የጻፉበት ነው። በኮምፒውተር እንድጽፍላቸው ፈለጉ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ጽፌ አትሜ ስሰጣቸው ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ ማረም ጀመሩ።

«ንጉሥ በእሳቱ ሰ አይጻፍም፤ በንጉሡ ሠ ነው እንጂ» አሉኝ። አርሜ አተምሁ። ቀጥሎ ደግሞ የሐመሩን ሐ በሃሌታው ሀ ለውጬ ተገኘሁ። እርማታቸው ረዥም ስለነበር እሳቸው ሲያነቡ እኔ ጨዋታዬን ከፈትሁ። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስኮቱን ያያሉ፤ የኮምፒውተሩን መስኮት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ጨዋታ ነው የኔታ። ዕቃ ማመላለስ ነው።»

ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ። ስንዴው ወዴት እንደሚሄድ፣ ከሰሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ከዚያ መኪኖቹን ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይሄ ነጩ መኪና ስንዴውን አድርሶ ባዶውን ለምን ይመለሳል?» አሉ።

«ሌላ ስንዴ ሊያመጣ ነዋ።»

«ከወፍጮው አጠገብ ማረሻ የሚሠራ ቤት አለሽ። ገበሬው ማረሻ አይፈልግም? ጭኖለት ይመለስ እንጂ።»

እንዳሉት አደረግሁ። ለካ ጨዋታው ማረሻ የደረሰው እርሻ ምርቱ እንዲጨምር ሆኖ የተሠራ ነው። ብዙ ወር ተጫውቼው ይህን አላየሁም ነበር። በዚያ ቀን ድርጅቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከስር ዋለ።

ከዚያ በኋላ መሪጌታው በየገበያው ቀን ይመጡ ጀመር። ጠዋት ደብተራቸውን እንሠራለን፤ ወደ ቀትር ጨዋታውን እንከፍታለን። እንግሊዝኛውን አያነቡም፤ የሥዕሎቹን ትርጉም ግን አንድ ጊዜ ከነገርኋቸው አይረሱም። ማውሱን መጀመሪያ ሲይዙት እንደ ብርዕ በጣታቸው ጫፍ ይጨብጡት ስለነበር ያመልጣቸው ነበር። ስለዚህ ማውሱን እኔ ያዝሁ፤ እሳቸው ይናገራሉ። ድጓን ያህል ነገር በቃሉ የያዘ ሰው አርባ መኪና አይከብደውም። «ያ ሰባተኛው መኪና ከሰል ሳይጭን ሁለት ጊዜ ሄደ» ይሉኛል። ሳየው እውነት ነው።

ወሬው ደብሪቱ ደረሰ። አንድ ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቀጭን ረዥም ቄስ፣ ገበያ ወጥተው ወደ ቤቴ ጎራ አሉ። ሁለታችንም ወደ ጨዋታው አንገታችንን አስግገን ነበር።

«መሪጌታ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ለአንድ ከተማ ዳቦ እያደረስን ነው» አሉ መሪጌታው፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

አስተዳዳሪው ሊቆጡ መጥተው እንደነበር ከአቋቋማቸው አውቄአለሁ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ ተቀመጡ፤ ማየት ጀመሩ። የመኪኖቹን መንገድ ለምን በዚህ በኩል አላዞራችሁትም ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁና ሄዱ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሪጌታው ራሳቸው አጫወቱኝ፤ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ስለሚያፈስ በድንጋይና በሲሚንቶ አዲስ ሊሠራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አስተዳዳሪው፣ «የዕቃ ማመላለሱን ነገር መሪጌታ ይያዙት፤ ይህን ሥራ ያውቁበታል» ብለዋል።

ድንጋዩ እዚያው አካባቢ ይፈለጣል። አሸዋው ከታች ከወንዝ በአህያ ይወጣል። ሲሚንቶው ከደብረ ታቦር ይመጣል። መሪጌታው ይህን በወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ፤ ልክ እንደ ጨዋታው፣ ከቀስቶቹ ጋር። በሚያዝያ አንድ ቀን ፈጠን ብለው ገቡ። እህል ሊጭኑ ባዶአቸውን በደብሪቱ በኩል ወደ ስማዳው ወገዳ የሚወርዱ መኪኖች እንዳሉ ሰምተው ከአንድ ሾፌር ጋር ተስማምተዋል። ሲሚንቶውን በባዶው ጉዞ ጭኖ፣ ደብሪቱ ጋ አራግፎ ያልፋል።

«ሁሉንም አንድ ጊዜ እናስመጣው» አሉ። «መኪናው ዛሬ አለ፤ ነገ ላይኖር ይችላል።»

ለኮሚቴው የሚቀርበውን ደብዳቤ እኔ ጻፍሁላቸው። እየጻፍሁ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጨዋታው ውስጥ ዕቃ አይበላሽም። ወፍጮው ደጃፍ የተቆለለው ዱቄት አሥር ዓመት ቢቆይ ያው ዱቄት ነው። ሲሚንቶ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አባቴ ግንበኛ ስለነበር ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን የኔታ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ኮሚቴውም የሽማግሌ ስብስብ ነው፤ እነሱ ሳያስቡት አይቀሩም ብዬ ዝም አልሁ። ደብዳቤውን አትሜ ለማኅተሙ ቦታ ትቼ ሰጠኋቸው።

ሲሚንቶው መጣ። በግንቦት ዝናሙ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ተንሸራተተ፤ አህያም ሰውም መውረድ አልቻለም። አሸዋው ሳይወጣ ገበሬው ወደ እርሻው ገባ፤ ግንበኛውም ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። ሲሚንቶው በደብሩ ዕቃ ቤት፣ በአፈሩ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ ክረምቱን ከረመ። መሪጌታው ሸራ አልብሰውታል። እርጥበቱ ግን የመጣው ከሥር ነው።

ከመስቀል በኋላ ወደ ቤቴ መጡ። አልተቀመጡም።

«ድንጋይ ሆነ» አሉኝ።

«ምኑ የኔታ?»

«ሲሚንቶው። ከላይ ካሉት ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም።»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «እንደዚህ ሊሆን እንደሚችል አስቤ ነበር» አልሁ። «ደብዳቤውን ስጽፍ አስቤዋለሁ።»

አዩኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የኔታን ላርም? ፈራሁ።»

«እኔ ዓመቱን ሙሉ ፊደልሽን ሳርም ኖርሁ። አንቺ አንድ ነገር ብታርሚኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። እሑድ ወደ ደብሪቱ እንድመጣ ነግረውኝ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በወይራው ሥር ተሰበሰበ። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና ብዙ ሳያስረዝሙ ተናገሩ። «ሲሚንቶው በአንድ ጊዜ ይምጣ ያልሁ እኔ ነኝ። አሸዋው ሳይወጣ አስመጣሁት። ኮሚቴው እኔን አምኖ ነው፤ ኮሚቴውን አትውቀሱ። ባዶ መኪና ሳይ ጓጓሁ።» ስለ ጨዋታው አላነሡም፤ ስለ እኔም አላነሡም። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ቆሜ ነበር።

አንድ ገበሬ፣ «እኔ ለዘር ያስቀመጥሁትን ገብስ ሸጬ ነው ያዋጣሁት» አለ። መሪጌታው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዲት አሮጊት ከኋላ ድምፃቸውን አሰሙ።

«የኔታ ዝናም አላዘነቡ። ድንጋይ ከሆነ በድንጋይ ቦታ ይግባ።»

ሰው ሁሉ ከክረምቱ ወዲህ ወደ ተመለሰው ግንበኛ ዞረ። ግንበኛው አሰበና፣ ለሕንጻው እንደማይሆን፣ ከቅጥሩ ሥር አፈሩ እንዳይናድ ለሚሠራው ካብ ግን እንደሚሆን ተናገረ። እንዲህም ሆነ። እነዚያ የደረቁ ከረጢቶች እንዳሉ ተደርድረው ተካቡ።

መሪጌታው ከኮሚቴው እንዲያሰናብቷቸው ጠየቁ። አስተዳዳሪው እሺ አላሉም። «ሌላ ሰው ብናደርግ እንደገና ተሳስቶ ሊማር ነው» አሉ። ስለዚህ ሥራው እሳቸው ዘንድ ቀረ። በዚያ በጋ መጀመሪያ አሸዋውን አወጡ። የትኛው ጎጥ መቼ እንደሚወርድ፣ ማን ስንት አህያ እንዳለው፣ የማን ሚስት አራስ ስለሆነች እንደማይጠራ፣ ሁሉን በቃላቸው ይዘው ያዝዙ ነበር። እስከ ታኅሣሥ አሸዋው ተቆለለ። በአዲስ መዋጮ የተገዛው ሲሚንቶ ግንበኛው በሁለት ሳምንት በሚጨርሰው ልክ እየተቆነጠረ መጣ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ ነበር የሚደረደረው። ሳንቃውን ያልሁት እኔ ነኝ። ጠየቁኝና ነገርኋቸው።

የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ የተመታው ክረምቱ ሳይገባ ነው።

በዚያ ሁሉ መካከል ደብተራቸውን ጨረስን። ጨዋታውን በፊታቸው መክፈት ትቼ ነበር። አንድ ቀን ራሳቸው፣ «ክፈቺው እስቲ» አሉ። እስከ ቀትር ተጫወትን። እንደ ድሮው ባለን ነገር ሁሉ አዲስ ፋብሪካ ለመትከል አልቸኮሉም። አንዲት ከተማ ይዘን እሷን ብቻ መገብናት፤ ምንም አልጎደለባትም። በበጋው መጨረሻ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ። ባሕር ዳር ወስጄ ጽሑፎቹን አወጡልኝ፤ ጨዋታውን ግን ማውጣት አልቻሉም። ጨዋታው እንደማይመለስ ለመሪጌታው ስነግራቸው፣ «ይሁን» አሉ።

እኔ ከዚያ በኋላ አግብቼ ወደ እስቴ ሄድሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ደብረ ታቦር መናኸሪያ ነው። ሁለት ጎልማሳ ደቀ መዛሙርት ይዘው ቆመዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አቀኑኝ። ስንት እንደ ወለድሁ ጠየቁኝ፤ ሁለት አልኋቸው።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«ቤተ ልሔም። እነዚህ ድጓ ሊያስመሰክሩ ነው። እዚህ የመጣነው ለሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ነው።»

አንደኛው ደቀ መዝሙር የበሶውን ስልቻ ለአውቶቡሱ ረዳት አቀበለው። መሪጌታው መጀመሪያ ተማሪዎቹን አስገብተው ኋላ ወጡና ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ወደ ጋይንት ሄደ። የእስቴው ገና አልሞላም ነበርና እኔ አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።