እናቴና አክስቴ የተላለፉበት አርብ

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አክስቴ እናቴን ልታይ ከስማዳ የመጣች ጊዜ። ሞባይል የሚባል ነገር ገና አገራችን አልደረሰም። መልእክት የሚሄደው በገበያተኛ አፍ ነው፤ ባለፈው ገበያ የተላከው መልሱ ቢፈጥን በዛሬው ገበያ ይመጣል።

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። ስንት ዓመት ተሸክማው ኖራ በዚያ ዓመት ትንፋሿን ይዘጋት ጀመር። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይወጣ አለ፤ እሁድ በመኪና ልትሄድ ሆነ። ቢላውን ፈርታለች፤ ለእኛ ግን አልነገረችንም። "እታለምን ሳላይ አልሄድም" ብቻ አለች። እታለም የምትላት ታናሽ እህቷን ነው። እናታቸው ሞታባቸው እናቴ ራሷ ገና ልጅ ሳለች አዝላ ያሳደገቻት ናት። "ነይ" ብላ ላከችባት፤ "አርብ እመጣለሁ" የሚል መልስ ደረሰ።

በእኛ አገር የናፈቁትን እንግዳ በር ላይ ቆሞ መቀበል ነውር ነው። ወጥቶ፣ መንገድ ሄዶ ነው የሚቀበሉት፤ በራቀ ቁጥር የፍቅሩ ልክ ይታወቃል። አርብ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

"እማ፣ ትንፋሽሽ እኮ..."

"እህቴን ወንበር ላይ ተቀምጬ ልቀበላት? ዳኛ ነኝ?"

ተከተልኳት። ከቤታችን ወጣ እንዳሉ መንገዱ ከአንድ ወይራ ሥር ለሁለት ይገነጠላል። አንዱ ሰፊው የአህያ መንገድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጋራውን ዞሮ ይወርዳል። ሌላው አቋራጩ ነው፤ ገደሉን ይዞ ቀጥ ብሎ ወንዙ ላይ ይጥላል። አክስቴ ሁልጊዜ የምትመጣው በሰፊው ነበርና በሰፊው ሄድን። ጋራውን እንደዞርን ገበያተኞች አገኘን። እናቴ እህቷን ብትጠይቃቸው አንዷ ሴት፣

"እስከ ወንዙ አብራን ነበረች" አለች። "ሐኪም ቤት ልትገቢ መሆኑን ብንነግራት ክንፍ ባወጣሁ ብላ በአቋራጩ ተንጠልጥላ ወጣች።"

እናቴ የገለባውን ማሳ አቋርጣ ወደ አቋራጩ ገባች። ዳገቱን እሷ እየቆመች፣ እየተነፈሰች ወጣን። ወይራው ሥር ስንደርስ የደብራችን ቄስ፣ አባ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"አንቺ ሴት፣ ከወዴት ትመጫለሽ?" አሉ። "እህትሽ ቤት ደርሳ፣ ልትቀበልሽ ወጥታለች ቢሏት ዕቃዋን ጥላ በሰፊው መንገድ ስትሮጥ ሄደች። አሁን፣ አሁን!"

እናቴ ደግሞ ወደ ሰፊው መንገድ ዞረች። ነጠላዋን ይዤ አስቀረኋት።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን ከወንድሜ መጽሐፍ ለቀምኩ፣ የቀረውን ከሬድዮኑ። በዚያ ሰሞን ሬድዮኑ ስለ ሁለት የጠፈር መንኮራኩሮች ሲያወራ ሰምቼ ነበር። ሰው የለባቸውም። ምድርን እየዞሩ፣ ማንም ሳይመራቸው፣ ሰማይ ላይ ተፈላልገው መገናኘት አለባቸው። ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

"እማ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። "አሁን በሰፊው ብትሄጂ፣ እሷ ደግሞ ከገበያተኞቹ ሰምታ በአቋራጩ ትመጣለች። ከሁለት አንዳችሁ ካልረጋችሁ አትገናኙም።"

"ማን አለ?"

"ሬድዮኑ።"

"ሬድዮኑ እህቴን የት ያውቃታል?"

አባ ሳቁ። እኔም የሰማሁትን ነገርኳቸው። ቀድማ የወጣችው መንኮራኩር በመንገዷ ጸንታ ትዞራለች እንጂ ወዲያ ወዲህ አትልም። የምትፈልጋት ሌላዋ ናት። ፈላጊዋ ልድረስባት ብላ ዝም ብላ ወደፊት ብትገፋ ከፍ ትላለች፣ መንገዷ ይረዝማል፣ ጭራሽ ወደ ኋላ ትቀራለች። ለመድረስ መጀመሪያ ዝቅ ማለት አለባት፤ ዝቅ ያለው መንገድ አጭርም ፈጣንም ነው። ምድር ላይ ያሉት ሰዎች ሁልጊዜ አያዩዋትም፤ ርቀቱን በራሷ ዓይን መለካት አለባት። አንዷ ፈላጊ ያለችበትን ቦታ ተሳስታ፣ ስትፈልግ ነዳጇን ጨርሳ፣ መጨረሻ ላይ ከፊተኛዋ ጋር ተላትማለች አሉ።

"ሰው የለባቸውም ካልሽ" አለች እናቴ፣ "ማን ከማን ሊሳሳም ነው የሚገናኙት?"

"ስንቅ ልታደርስላት ትሆናለች።"

"እንግዲያ እታለም ናት። እሷም ባዶ እጇን አትመጣም።"

"በሰማይ ያለውን ለእኛ ተይልን እንጂ" አሉኝ አባ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። መንገዱን እያየች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወጥቼ ያልተቀበልኳት መስሏት ብትቀየመኝስ? ምናልባት የመጨረሻዬ ነው" አለች።

እጇን ያዝኩ። አባ ወይራውን በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው፣ "ይህስ ቤትሽ ነው? መንገድ አይደለም? ወጥተሻል፣ ተቀብለሻል። ተቀመጪ" አሏት። ያን ጊዜ ተቀመጠች።

ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ነበረች። ነጠላ የለበሰች ሴት በመጣች ቁጥር እናቴ "እሷ ናት!" ብላ ትነሣለች፣ ስትቀርብ ሌላ ትሆናለች። የመንኮራኩሯንም ዓይን ፀሐይ ይመታታል ብሎ ነበር ሬድዮኑ። ሁለቴ እንዲህ ከሆነች በኋላ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ቁጭ አለች። አንገቷ ላይ ያለው እብጠት ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ።

አክስቴ በአቋራጩ ብቅ አለች። ላቧ በፊቷ ይወርዳል፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። እናቴን ስታይ ሮጠች።

"ቀስ በይ!" ብዬ ጮህኩ። ሬድዮኑ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻዋ ስንዝር ናት፣ እዚያ ላይ መፍጠን አይሆንም ብሎ ነበራ። ማን ይስማኝ? እናቴም ተነሥታ ተወረወረች። ተላተሙና ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ፤ የአባ መቋሚያ ከነሱ ጋር ሄደ።

"እትዬ! የት ነበርሽ? አገሩን ሁሉ ዞርኩት እኮ!"

"እዚሁ ነኝ! ይቺ ልጅ አስራኝ ነው!"

"ፈጣሪ ሆይ፣ መቋሚያዬን" ይላሉ አባ።

አክስቴ ከመሬት ሳትነሣ የእናቴን አንገት፣ ያንኑ እብጠቱን፣ ሳመችው። ደግማ ሳመችው። እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። "ቢላው ያስፈራኛል" አለቻት፤ ለእኛ ያልነገረችውን።

አክስቴ በማግስቱ ልትመለስ ነበር የመጣችው። አልተመለሰችም። ለባሏ በገበያተኛ ላከችበትና እሁድ ከእናቴ ጋር መኪናው ላይ ወጣች። ሆስፒታል ከአልጋዋ ሥር ወለሉ ላይ እየተኛች አስታመመቻት። እናቴ ድና ሲመለሱ አክስቴ አርብ ገበያው ላይ ከመኪናው አብራት ወረደች፣ እቤት አደረሰቻት፣ ውኃ ጠጣች፣ ጫማዋን አወለቀችና በአቋራጩ ወደ ቤቷ ወረደች።