የሳሊሕ ሳፋ ሱቅና የጋዙ ግድግዳ

ሳሊሕ ጁባ ከተማ፣ ማላኪያ ገበያ ውስጥ ሳፋና ጀሪካን የሚሸጥ ሰው ነው። ስለ ሰማይ ማወቅ የጀመረው ገበያ ሲቀዘቅዝበት ነው፤ ገዢ ያለው ሰው መች ቀና ብሎ ያያል? ስልኩ ላይ እንዳየው ከሆነ፣ ከመጠን በላይ የገዘፈ ኮከብ መጨረሻው መፈንዳት ነው። ብዙዎቹ ተከታትለው ሲፈነዱ በዙሪያቸው ያለውን ጋዝ እየጠረጉ ይገፉታል። መሃሉ ኦና ይቀራል፣ ጋዙ ዳር ላይ እንደ እንቁላል ቅርፊት ግድግዳ ሠርቶ ይከመራል። የቅርፊቱ ስፋት ብርሃን ራሱ ብዙ መቶ ዓመት የሚጓዝበት ነው። ታዲያ አዲስ ኮከብ የሚወለደው እዚያ ዳር፣ ጋዙ በተጨናነቀበት ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ጅምላ ሻጭ ገበያው መሃል መጋዘን ከፍቶ ትንንሾቹን ሱቆች እያራገፈ ነበር።

"ሰዓዲያ፣ ዳር እንውጣ፣" አላት ሚስቱን። "መሃል ላይ ምንም አይወለድም።"

"ዳር ማን አለ?"

"ማንም።"

"እሺ፣ እስከ ረመዳን እታገስሃለሁ። ካልሆነ አዲስ አበባ እንገባለን።"

አዲስ አበባ መግባት ማለት የታላቅ ወንድሙ ሱቅ ውስጥ ዕቃ አቀባይ መሆን ነው። ሳሊሕ ከዚያ መፈንዳት ይሻለዋል።

ጁባ ና ባሪ ከሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር ወዲያ፣ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ፍየል ነበረች። አንዱን ሳፋ ላሰችና ሄደች። ከዚያ በኋላ እሷም አልመጣችም።

አንድ ቀን የማላኪያው ነጋዴ ሙባረክ በሞተር መጣ።

"ሳሊሕ ወንድሜ፣ እዚህ ምን አግኝተህ ነው?"

"ምንም።"

"በአላህ?"

"ወላሂ ምንም የለም።"

ሙባረክ አንገቱን ነቀነቀ፣ ገባው። የከሰረ ነጋዴ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" ይላል፤ "ምንም የለም" የሚለው ያተረፈው ነው። ሳሊሕ እውነቱን ተናግሮ ጉድ ፈላ። በሳምንቱ ሙባረክ ከጎኑ ሱቅ ከፈተ፣ ሳፋ ደረደረ። ሌሎቹ የማላኪያ ነጋዴዎችም ተከተሉ፤ ሰማን ፊት ለፊት ከፈተ፣ እሱም ሳፋ። ነጃት ለየት ልበል ብላ ባለክዳን ሳፋ አመጣች።

"ይኸው የጋዝ ግድግዳህ!" አለች ሰዓዲያ። "አንድ ሰው ጨው እንኳ አያመጣም?"

የሰፈሩ ሴቶች ግን እስከዚያ ለአንድ ሳፋ ብለው በሞተር ማላኪያ ድረስ ነበር የሚሄዱት። አንድ ሱቅ ብቻ ሲሆን ክርክር የለም፣ ክርክር ከሌለ ደግሞ ምኑን ገበያ ሆነ? አሁን መንገዱ ሙሉ ሳፋ ሲሆን መጉረፍ ጀመሩ።

"ደ በካም?" ትላለች አንዷ በጁባ ዐረብኛ፣ ይሄ ስንት ነው ማለቷ ነው። ሳሊሕ ዋጋውን ይነግራታል። "ጋሊ!" ብላ፣ ውድ ነው ማለቷ ነው፣ ሙባረክ ጋ ትሄዳለች፣ ከዚያ ሰማን ጋ። ዞራ ዞራ ግማሹን ጊዜ ሳሊሕ ጋ ትመለሳለች።

ረመዳን ገባ። ሰዓዲያ ስለ አዲስ አበባ ትንፍሽ አላለችም። ሳሊሕ ጉሮሮውን ሲጠርግ አየችው።

"'አላልኩሽም?' ልትለኝ ነው?"

"አይ…"

"ሙባረክ ይመጣል ብሎ ስልክህ ነግሮህ ነበር?"

"አልነገረኝም።"

"እንግዲያው ያንን ቀዩን አውርድ፣ ሴትየዋ ቆማለች።"

አወረደ።