በዘፈንና በዘፈን መካከል የሚስለው ሰው

ባለፈው ጥር ከጅግጅጋ ወደ ሽንሌ የሄድኩት አንድ ካሴት ለማምጣት ነበር። ካሴቱን አምጥቻለሁ። መንገዱ ቀንቶኛል፤ የምጽፈው ግን በኩራት አይደለም። የሰዎቹንና የባንዱን ስም ለውጫለሁ። ለምን እንደለወጥኩ አንባቢ ሲደርስበት ያውቀዋል።

ከጅግጅጋ መነሻ

ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው። ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ የሚበላው ግን «የሐዲድ ልጆች» የሚባል የሮክ ባንድ ነው። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ጊታር የተማሩት ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ሸክላ እየሰሙ ነው። ስቱዲዮ ገብተው አያውቁም፤ ካሴትም አላሳተሙም። የቀረልን ነገር ቢኖር ተመልካች ከሰው መሃል ቆሞ በቴፕ የቀዳው ብቻ ነው። እነዚህን ቅጂዎች የምንለዋወጥ ሰዎች በቴሌግራም አንድ ቡድን አለን። አንዳችን የሌላችንን ፊት አናውቅም፤ ስለ አንድ የከበሮ ምት ግን ሳምንት ሙሉ እንከራከራለን።

ከሁሉም የምንወደው በባቡር ጥገና መጋዘን ውስጥ የተቀዳውን ነው። እኛ ጋ ያለው የቅጂ ቅጂ ስለሆነ መጀመሪያውም መጨረሻውም ተቆርጧል። ቢሆንም እንደሱ ያለ የለም፤ ጭብጨባው ከታች፣ ሙዚቃው ከላይ ይሰማል። የቀዳው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። የምናውቀው ሳሉን ነው፤ ደረቅ ሳል፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ዘፈን መሃል ፈጽሞ አይስልም። የሚስለው ዘፈኑ አልቆ ጭብጨባ ሲነሳ ነው። «ባለሳሉ» እንለዋለን። ከዘፋኙ እኩል የሚወዱት አሉ። እኔ አልወደውም ነበር። በራሴ በተማርኩት የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ሳሎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ አውጥቼ፣ «የጸዳ» የሚል ስም ሰጥቼ ለቡድኑ ለቅቄዋለሁ።

ከሱቄ አጠገብ ጫማ የሚሸጠው አብዲ አንድ ቀን ይህንኑ ሲሰማ በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄን ጊታር የሚመታው የሆዳን አባት ነው» አለ። ሆዳን ሚስቱ ናት። «ሽንሌ ነው ያለው። ካሴቱም ቤቱ አለ፤ ዋናው።»

የካሴቱን ዓይነትና ርዝመት ጠየቅሁት።

«እኔ ልጁን ነው ያገባሁት፣ ካሴቱን አይደለም» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አብረን ተነሣን። ካራማራ ላይ ብርዱ ይቆነጥጣል። ኬላው ጋ ሁላችንም ከሚኒባሱ ወረድንና ሻንጣ ተፈተሸ። ከእኔ ቦርሳ የወጣው ራሴ የጠገንኩት ትንሽ ቴፕ፣ አልኮል፣ ጥጥና ብሎን መፍቻ ነበር። ፈታሹ ወታደር ቴፑን አገላብጦ አየው።

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ማን ይሰማበታል?» ብሎ መለሰልኝ። አብዲ እስኪደክመው ሳቀ።

ባቢሌ

ከፋፈን ወዲያ ጉሙ ተገለጠ። ዳካታ ሸለቆ ስንደርስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ እያሰኘ ቆሟል። «እነዚህን የደረደራቸው እንዳንተ ያለ ሰው ነው» አለ አብዲ፤ «ሌላ ሥራ የሌለው።»

ባቢሌ ላይ ለውዝ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አብዲ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ለውዝ ገዛ። እየፈለፈልን የጆሮ ማዳመጫዬን አንዱን ጫፍ ሰጠሁትና መጀመሪያ የድሮውን ቅጂ፣ ቀጥሎ እኔ ያጸዳሁትን አሰማሁት።

«ደህና ነው» አለ ቆይቶ። «ግን ሰውየው የት ሄደ?»

«የትኛው ሰው?»

«የሚስለው።»

«አወጣሁት።»

«ምን አድርጎህ?»

ጥራት ስለሚባለው ነገር አስረዳሁት። እሱ ለውዙን ቀጠለ።

ድሬዳዋ

ሐረር ላይ መኪና ቀየርን። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ካራማራ ላይ የለበስኩትን ጃኬት አወለቅሁ። ምሳችን ሩዝ በፍየል ሥጋ ነበር፤ ሙዝ በጎኑ ቀርቦ። አብዲ ሙዙን ከሩዙ ጋር እየጎረሰ፣ ይህን ያልለመደ ሰው ምሥራቅ ነው ያደግሁት ማለት የለበትም አለኝ። እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ እስካሁን ሙዙን ለብቻው ነው የምበላው።

ከምሳ በኋላ አብዲን ለምኜ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ወሰድኩት። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የመጋዘኖቹን ጣሪያ አየሁ። ባለሳሉ የት ቆሞ ቢቀዳ ነው ድምፁ ከጭብጨባው በላይ የሆነው? ወንበር ላይ? ፉርጎ ላይ? ይህ ጥያቄ ለዓመታት ይበላኝ ነበር። አብዲ ፀሐዩ አናቱን ሲበላው ባጃጅ ጠራ።

ሽንሌ

ከድሬዳዋ ሽንሌ ቅርብ ነው። መንገዱ ሜዳ፣ ግራ ቀኙ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ፍየሎች ጥላ ባገኙበት ተኝተዋል። አዛውንቱ ሮብሌ በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ረጅም ነው፤ ጺሙ ሂና ተቀብቷል፤ አማርኛው የባቡር ሠራተኛ አማርኛ ነው፣ ፈጣንና ንጹሕ።

«እንደምን ዋሉ፣ አደር» አልኩት። አደር በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ለትልቅ ሰው ይባላል። ትልቁም ሰው መልሶ እንዲሁ ይጠራሃል።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አደር» አለ። «ደግሞ እዚህ ሁሉም ሰው አንተ ነው። በእርስዎ አታስረጀኝ።»

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትራስ ተደርድሮ፣ የሠፈሩ ወንዶች ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሮብሌ ከጅግጅጋ ድረስ ሰው ሊሰማው እንደሚመጣ ነግሯቸዋል። በአጠገቡ የተቀመጠው ጌሌ የሚባል ጎረቤቱ ነው፤ ባንዱ ሲጫወት እሱ ግመል ጥበቃ ላይ እንደነበር ነገረኝ። «ይሄ ሰውዬ በጊታሩ ስንት ዓመት አሰለቸን» አለ፤ «ዛሬ ማስረጃው መጣ።»

ካሴቱ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሮብሌ ቴፕ ከተበላሸ ዓመታት ስላለፉ ካሴቱ አልተከፈተም። የቴፔን ራስ በአልኮል ጠርጌ፣ ክሩን በጣቴ ትንሽ አጠንጥኜ አስገባሁት።

ለዓመታት በግድግዳ ጀርባ እንደሚሰማ ሆኖ የማውቀው ሙዚቃ አንድ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። ቤዙ ከከበሮው ተለይቶ ይሰማል። የሚያፏጩ ሴቶች እንዳሉ ያን ቀን አወቅሁ። ሮብሌ ትራሱን እንደ ጊታር ታቅፎ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። «እዚህ ጋ አንዱ የጊታር ክር ተበጠሰብኝ» አለ። «በቀረው ነው የጨረስኩት።» ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተበጠሰውን ክር ለመስማት ጆሮዬን አቀረብኩ፤ አልሰማሁትም፤ ቴፔን ጠረጠርኩ።

ከዚያ እኛ ጋ የሌለው ክፍል መጣ። ዘፋኙ ባንዱን ማስተዋወቅ ጀመረ። ከበሮ ላይ እገሌ፣ ቤዝ ላይ እገሌ። የሮብሌ ጣቶች ትራሱ ላይ ቆሙ። ዘፋኙ «ጊታር ላይ» ሲል ሮብሌ ሳለ፤ ስሙ ከሳሉ ጋር አለፈ።

እኔ ቴፑ ላይ አጎንብሻለሁ። ያልጠራ ነገር ሲያልፍ ጣቴ ሳላዘው ይሄዳል። አቆምኩና ወደ ኋላ መለስኩት።

«ተወው፣ አደር» አለ ሮብሌ። «ዘፈኑ ይቀጥል።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ይሄ ክፍል እኛ ጋ የለም።»

ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ዘፋኙ አጥርቶ «ጊታር ላይ፣ ሳላህ» አለ፤ ሕዝቡ ጮኸ።

«ሳላህ የሚለው አንተን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

የካሴት ርዝመት እንደምጠይቀው ነው የጠየቅሁት። ከዚያ ቀና አልኩ። አብዲ የምንጣፉን ጠርዝ ያያል። ሮብሌ ትራሱን ከጭኑ አንሥቶ ከጎኑ አስቀመጠው።

«ታዲያ ሮብሌ» አለ ጌሌ፣ «አንተ ምን ነበር የምትጫወተው? ጭብጨባ?»

ሳቁ ከጥግ ጥግ ሄደ።

«ቴፑን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ሮብሌ።

«ምነው፣ ጠረጴዛ አልነበረም?»

እንደገና ሳቁ። ቴፑ እየሄደ ነበር። የሚቀጥለው ዘፈን አለቀ፤ ጭብጨባ ተነሳ፤ ከዚያ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ቅድም በጆሮዬ ሥር የሳለው ይኸው ሳል ነበር። አንድ በአንድ የለቀምኩት ሳል። የሰውየውን ፊት እያየሁ አላወቅሁትም።

«ይሄ የሚስለው እሱ ነው» አልኩ። «እሱ ባይቀዳ ኖሮ ይህ ሁሉ…» ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ያንሳል። ያንን ቀን ከወትሮውም አነሰ።

«ሳልም ሙያ ሆነ?» አለ ጌሌ።

ፀሐይ ሲበርድ ሮብሌ እስከ ባጃጁ ሸኘኝ። አብዲ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለናል። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቴፑን የት አድርገኸው ነበር?»

ቆመ። ምርኩዙን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኝ መዳፉን ትከሻው ላይ ዘረጋ። «እዚህ። መሬቱ ላይ ሲጨፈር ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛም ይንቀጠቀጣል። የሰው ትከሻ ግን ጉልበቱን ላላ ካደረገ ይረጋል።» ጉልበቱን ላላ አድርጎ አሳየኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው ሆኖ ታየኝ። «የመጋዘኑ አቧራ ጉሮሮዬን ያሳክከኛል። ዘፈኑ እስኪያልቅ እይዘዋለሁ፤ እንባዬ እየወረደ።»

ትንሽ ሄድን።

«ልጆቼ ትንንሽ እያሉ ‹አንተ ምን ነበርክ?› አሉኝ። ‹እዚያ ነበርኩ› ብላቸው ምን ይገባቸዋል? ሳላህ ጅቡቲ ሄዶ በዚያው ቀረ። ጊታሩን የመታሁት እኔ ነኝ ብል የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።»

ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለውን ካሴት አወጣ። «ውሰደው። ከእንግዲህ ቤቴ ውስጥ ማንም አይጠይቀውም።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። እጄ ግን ከአፌ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

መልስ

ድሬዳዋ አድረን በማግስቱ ተመለስን። ባቢሌ ላይ ለውዝ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት አብዲ እጁን አወዛውዞ መለሳቸው።

«ቴፑን ለምን ወደ ኋላ መለስከው?» አለኝ።

«በደንብ አልተሰማኝም ነበር።»

«እኛ ተሰምቶን ነበር» አለ። «ሁላችንም። ጌሌም ሰምቷል። ሽማግሌ ሲስል አልሰማሁም ይባላል እንጂ ምን ይደረጋል? አንዴ ደግመህ በሰው ፊት ካሰማኸው ወዲያ ግን ጌሌም ጌሌ ነው።»

የተደረደሩት ድንጋዮች እንደቆሙ ነበሩ። ሳያቸው ያፈርኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጆሮዬን ከማንም የተሻለ አድርጌ እቆጥረው ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

«ለሆዳን ምን ትላታለህ?»

«ካሴቱ ጥሩ ነው እላታለሁ።»

ጅግጅጋ ስንደርስ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። የሱቄን በር ከፍቼ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። ሳሎቹን አልነካሁም። «የጸዳ» ያልኩትን የድሮውን ፋይል ከቡድኑ ላይ አጠፋሁና አዲሱን ለቀቅሁ። ከዘፈኖቹ ስም በላይ «የቀዳው፦ ሮብሌ፣ ቴፑን ትከሻው ላይ አድርጎ» ብዬ ጻፍኩ። ባለሳሉ ስም አገኘ ብለው ቡድኑን በደስታ አጥለቀለቁት። «ትከሻህን እንስምልሃለን በለው» ያሉ ነበሩ። መልእክቶቹን ለአብዲ አሳየሁት። አንድ በአንድ አነበባቸውና «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ጫማው ተመለሰ። ለሽማግሌው ይንገረው አይንገረው አልጠየቅሁትም።

አንድ ነገር አልለቀቅሁም፤ የማስተዋወቂያውን ክፍል። ከቅጂ ላይ አንዲት ሰከንድ የቆረጠ ሰው ስገሥጽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሳላህም ስሙ ሊጠራ ይገባዋል። ይህን አውቃለሁ፤ ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ ግን እስካሁን አላወቅሁም። ክፍሉ እኔ ጋ ተቀምጧል፤ ሮብሌ በሕይወት እያለ ከእጄ አይወጣም።

ከቡድናችን ሰዎች በጆሮው የምፈራው አንድ አለ፤ ሐርጌሳ ነው የሚኖረው። በሦስተኛው ቀን ጻፈልኝ። «መጨረሻው አካባቢ ዘፋኙ ባንዱን ማስተዋወቅ ሲጀምር ተቆርጦ ወደሚቀጥለው ዘፈን ይዘላል። ዋናው ካሴት ላይ ጊታሪስቱ ማን ይባላል?»

«በደንብ አይሰማም» ብዬ መለስኩለት።